አስራ አንደኛዋ በሽተኛ

በአስር ዓመቴ ልሞት ነበር። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። የሚገድለኝ በሽታ ጆሮ ደግፍ ሲሆን፣ የያዘኝም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ፣ እናቴ እያየች ነው።

እናቴ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ተማሪዋ። አባቴ እኔ ዳዴ ሳልል ስለሞተ ቤታችን ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ከትምህርት ቤቱ በር ገባ ካልን በኋላ ግን እሷ «ቲቸር» እንጂ «እማዬ» አልነበረችም። አንድ ቀን አምልጦኝ «እማዬ፣ እርሳሴ ተሰበረ» ስላት ክፍሉ በሳቅ ሲፈርስ፣ እሷ አይታኝ እንደማታውቅ ሰው «እጅ ሳታወጪ ማን ተናገሪ አለሽ?» ብላ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ማታ ቤት ገብተን እርሳሱን ራሷ ቀረጸችልኝ። «ለልጇ ታዳላለች» መባልን ከሞት አስበልጣ ትፈራ ነበር።

ዳይሬክተራችን ጋሽ አማካይ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ እኛ ነን ያወጣንላቸው። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «በአማካይ ደህና ነኝ» ብለው የሚመልሱ ሰው ሌላ ምን ሊባሉ ይችላሉ? የዚያን ዓመት ለሦስት ቀን ስልጠና ሄደው ጥቁር ቦርሳና አንድ ቁጥር ይዘው ተመለሱ። ቁጥሩ ስልሳ ነበር። የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች በዓመቱ መጨረሻ ፈተና በአማካይ ስልሳ ካላመጡ ትምህርት ቤታችን ከዋናው መንገድ ማዶ ካለው ትልቅ ትምህርት ቤት ጋር ይታጠፋል፤ መምህራኑም ቦታ በተገኘበት ይበተናሉ። ይህን እኛ ልጆቹ አናውቅም። እኛ የምናውቀው አንድ ሰኞ ጠዋት ስንመጣ በየበሩ ላይ በቀይ ቀለም 60 ተጽፎ ማግኘታችንን ነው። በቢሮው በር፣ በቤተ መጻሕፍቱ በር፣ በሽንት ቤቱ በር ላይ ሳይቀር ተጽፏል። የአንደኛ ክፍል ልጆች ሽንት ቤቱ በቀን ከስልሳ ሰው በላይ የማያስገባ መስሏቸው ጠዋት ጠዋት ይጋፉ ነበር።

ነገሩ «ዘመቻ ስልሳ» ተባለ። እረፍታችን ከሃያ ደቂቃ ወደ ሰባት ደቂቃ ወረደ። ስፖርት፣ ሥዕልና ሙዚቃ ተሰረዙና መምህራኑ ሁሉ በአንድ ሌሊት የሒሳብ መምህር ሆነው አደሩ። የስፖርት መምህሩ ማካፈልን በፊሽካ ያስተምሩን ጀመር፤ ቀሪውን የተሳሳተ ግቢውን ሁለት ዙር ይሮጣል። እኔ በዚያ ዓመት ሒሳብ ባልችልም እግሬ ግን ብረት ሆኖ ነበር። የሙዚቃ መምህሯ ደግሞ ለማባዛት ሰንጠረዡ ዜማ ስላወጡለት፣ እስከ ዛሬ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ሳላዜም ማስታወስ አልችልም። ባንክ ቤት መስኮት ፊት ቆሜ ያንጎራጎርኩበት ቀን አለ።

ትልቁ ግኝት ግን የራሳቸው የጋሽ አማካይ ነበር። የአምስት ዓመት ፈተናዎችን ከመዝገብ ቤት አስወጥተው፣ ሦስት ቀን በር ዘግተው ቆጥረው፣ ከሀ፣ ከለ፣ ከሐ እና ከመ መካከል ትክክለኛ መልስ ሆኖ አብዝቶ የወጣው ሐ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ «ሲጠፋን ምን እንላለን?» ይላሉ። ሦስት መቶ ልጅ በአንድ አፍ «ሐ» ይላል። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ይሰማን ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ዋናው ፈተና ጥቂት ቀን ሲቀረው የሙከራ ፈተና ተፈተንን። ያረመችው እናቴ ናት።

ሐሙስ ዕለት እንደ ልማዴ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ በካርታዎቹ ቁምሳጥንና በግድግዳው መሐል ባለችው ቦታዬ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። እናቴ ሥራዋን እስክትጨርስ በየቀኑ የምቀመጠው እዚያ ነው። ሰዎቹ እዚያ መኖሬን ከረሱት ቆይተዋል። ሰሌዳው አጠገብ ጋሽ አማካይ ጠመኔ ይዘው ቆመዋል፤ እናቴ ወንበር ላይ ናት፤ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣው የትምህርት ቤቱ ነርስ ደግሞ ቦርሳዋን ታቅፋ መስኮቱ ዘንድ ተደግፋለች። እኔ ሰባት ጊዜ ስምንትን በሹክሹክታ እየዘፈንኩ ስለነበር የጨዋታቸው መጀመሪያ አመለጠኝ። ጆሮዬን ያቆምኩት ነርሷ እንዲህ ስትል ነው፦

«ጆሮ ደግፍ ይሻላል። ተላላፊ ነው፤ ማንም ጠጋ ብሎ አያይም።»

«ስንት ቀን ይቆያል?» አሉ ጋሽ አማካይ።

«ሳምንት።»

«በቂ ነው። እንግዲህ አስሩ ታውቀዋል። አስራ አንደኛው ማነው?»

እናቴ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት ገልበጥ አድርጋ መልሳ አቀናችው። ከዚያ «የእኔዋ ናት» አለች። «ሠላሳ ሰባት ናት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ቶሎ ብዬ አንገቴን ደብተሬ ውስጥ ቀበርኩ፤ ያልሰማሁ መሰላቸው።

«የእርስዎን እንኳ እንተዋት» አሉ ጋሽ አማካይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከእሷ ቀጥሎ ያለው ሠላሳ ስምንት ነው። እሱን እናድርገው።»

«የሰው ልጅ አስር ጽፌ የራሴን ዘልዬ፣ ነገ በምን ዐይኔ ነው እናቶቻቸውን የማያቸው?» አለች እናቴ። ቀዩን እስክሪብቶ አነሳችና ወረቀቱ ላይ ጻፈች። ከእሷ ክርን ሥር ስሜን በግልጽ አየሁት፤ ከስሞቹ ሁሉ በታች ነበር።

«ልጅቷ ትወቅ?» አለች ነርሷ።

«አትወቅ» አለች እናቴ።

እንግዲህ አንዲት የአስር ዓመት ልጅ ይህን ሰምታ ምን ትረዳ? ታምሜያለሁ። ትኩሳቴ ሠላሳ ሰባት ነው። ጋሽ አማካይ እንኳ አዝነውልኛል። እናቴ አውቃለች፤ ከእኔ ግን ተደብቋል። ማባዛቱን ግን አላቋረጥኩም፤ ማልቀሴን እንዳያዩብኝ ሰባት ጊዜ ዘጠኝን ቀጠልኩ።

ዛሬ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ስህተት እየለቀምኩ ደሞዝ የምበላ አራሚ ነኝ። ያን ዕለት ሰሌዳው ላይ የነበረውን ሒሳብም ራሴ ሠርቼ አይቼዋለሁ። አርባ አራት ልጆች ነበርን፤ የሙከራው አማካይ ሃምሳ አንድ ነበር። ከታች አስር ልጅ ሲወጣ አማካዩ ሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ይሆናል። አስራ አንደኛዋ፣ ማለትም ሠላሳ ሰባት ያመጣሁት እኔ ስወጣ፣ ድፍን ስልሳ። በእኔ ቦታ ባለ ሠላሳ ስምንቱ ቢወጣ ሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ሰባት ነበር የሚሆነው፤ ጋሽ አማካይ ለእናቴ ሲሉ ያችን ሽርፍራፊ ሊውጧት ተዘጋጅተው ነበር። ልጅን ከፈተና ማስቀረት ክልክል ነው። የጤና ወረቀት ያለው ልጅ ግን «ሲድን ይፈተናል» ተብሎ ከአማካዩ ውስጥ አይቆጠርም። ሲድን የሚፈተንበትን ቀን የቆረጠ ሰው ግን በትምህርት ቤታችን ታሪክ የለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ክንዱ የተሰበረ ልጅ ጀሶው ተፈትቶ፣ እጁ ድኖ፣ እንደገና ተሰብሮ እንደገና ድኖ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ አራተኛ ክፍል ነበር። እናቴ ይህን ታውቃለች። ትምህርት ቤቱ ከታጠፈ ደግሞ እሷ የት እንደምትጣል፣ እኔን ለማን ጥላ እንደምትሄድ አታውቅም።

አርብ ጠዋት ነርሷ ክፍላችን ገብታ አስራ አንድ ስም ጠራች። ተሰልፈን አፋችንን ከፈትን። ምላሳችንን ለይምሰል አየት አድርጋ ከአገጫችን ሥር እስከ አናታችን በነጭ ፋሻ እያዞረች አሰረችን። ቋጠሮው አናታችን ላይ ነበር፤ ሁለት ጫፎቹ እንደ ጥንቸል ጆሮ ቆሙ። ጉንጩ ከልደቱ ጀምሮ የተነፋው ድምቡሼ የምንለው ልጅ ወዲያው ከሁላችን የባሰበት በሽተኛ ተደርጎ ተከበረ፤ ከፊት ወንበር ተነስተው ቦታ ለቀቁለት። እኔን ነርሷ የሙቀት መለኪያ ብብቴ ሥር ከታ አነበበችና ለራሷ «ሠላሳ ሰባት» አለች። ሠላሳ ሰባት የጤነኛ ሰው ሙቀት መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የራሴን ልጅ አሳክሜ፣ ሐኪሙን «እንዴት ሠላሳ ሰባት ሆና ምንም የላትም ይሉኛል?» ብዬ ካፈጠጥኩበት በኋላ ነው።

የባሰው ዜና የመጣው ከጎኔ ከምትቀመጠው ልጅ ነው። አባቷ የመድኃኒት ቤት ዘበኛ ስለሆነ ሐኪሟ ነበር የምንላት። እሷም ከአስራ አንዱ አንዷ ናት፤ ግን ሙያዋን አልተወችም። ጉንጬን በሁለት ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።

«አላበጠም» አለችኝ።

«እና ደህና ነኝ?»

«ኧረ ምን ደህና። በውጭ ካላበጠ ወደ ውስጥ ነው ያበጠው።»

«ወደ ውስጥ ያበጠበት ሰው ስንት ቀን ይኖራል?»

ትንሽ አሰበች። «በአማካይ አራት ቀን» አለችኝ።

ቅዳሜና እሁድ ቤታችን ውስጥ የሆነው ነገር ሁሉ የሐኪሟን ቃል አጸና። እናቴ ፀጉሬን አጥባ ስታበጥር ወትሮ «ዝም በይ፣ አትንጫጪ» የምትለው ሴት፣ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ወተት ውስጥ ማር ጨምራ ሰጠችኝ። ዓመት ሙሉ «ያለሽው ይበቃሻል» ስትለኝ የከረመችውን ቀይ ጫማ ከገበያ ይዛልኝ መጣች። ጫማውን አድርጌ ወለሉ ላይ ስራመድ ዐይኗን ከእኔ አልነቀለችም። እኔም ዐይኔ እንባ ሞላ፤ በዚህ ጫማ የምራመድበት ቀን ከአራት የማይበልጥ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ከሰዓት በኋላ ደብተሬን አውጥቼ ንብረቴን አከፋፈልኩ። ባለ ቀለም እርሳሶቼን ለሐኪሟ፣ ገመዴን ለጎረቤታችን ልጅ፣ ጫማውን ደግሞ እናቴ መልሳ ገንዘቧን እንድትቀበል። ከሥሩ አስምሬ ፈረምኩ።

እሁድ ሊመሽ ሲል እናቴ አልጋዬ ጠርዝ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

«ነገ እኛ ፈተና ላይ ስንሆን አንቺ ከሌሎቹ ጋር ዕቃ ቤት ትቆያለሽ» አለችኝ። «ምንም አትሆኚም።»

«ያመኛል እንዴ እማዬ?»

«አያምሽም።»

«ከነገ በኋላስ?»

እናቴ በውሸት ነገር ቀልድ አታውቅም፤ የቤት ሥራ ሳልሠራ «ሠርቻለሁ» ያልኩ ቀን የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ዕለት ግን «እናያለን» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አንጀቴን በላችው። ተነስቼ አቀፍኳትና «አይዞሽ፣ እኔ አልፈራም» አልኳት። ይህን ስላት ጭራሽ ባሰባት፤ ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና ውኃውን ከፈተችው። ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ እሰማ ነበር፤ የምታጥበው ዕቃ እንዳልነበረም አውቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት አስራ አንዳችንም ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተከተትን። የስፖርት ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ነው፤ ስፖርት ስለተሰረዘ ኳሶቹ ሁሉ ተንፍሰው ጥግ ላይ ተከምረዋል። የስፖርት መምህሩ በር ላይ ወንበር ዘርግተው እንዲጠብቁን ታዘዙ። ሁለት ሰዓት ላይ ግን ብስኩት ለማደል ተጠሩ። ጋሽ አማካይ ከፈተና በፊት ብስኩት የበላ ልጅ ሦስት ነጥብ ይጨምራል የሚል ነገር ስልጠናው ላይ ሰምተው ነበር። መምህሩ ለእኛ ምንም አላመጡልንም፤ በሽተኛ አይቆጠርም። ሲሄዱ በሩን መቆለፍ ረሱት።

ድምቡሼ ኳሶቹ ላይ ተኝቶ ያቃስታል። ሐኪሟ የሁላችንንም ግንባር እየዳሰሰች ትዞራለች። እኔ በሩን አያለሁ። ያን ዓመት ሙሉ እናቴ የሌላውን ልጅ ደብተር አርማ ከጨረሰች በኋላ እኔን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ክፍልፋይ ስታስተምረኝ፣ እኔ ሳዛጋ፣ እሷ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባ ስትመለስ ትታየኛለች። ሳልፈተን ብሞት ያ ሁሉ ድካም ውኃ በላው ማለት ነው። ደግሞ በየበሩ ላይ ያለው ስልሳ የጋራችን ነው ተብለናል፤ የበኩሌን ሳልሰጥ ልሂድ?

«ወዴት ነው?» አለችኝ ሐኪሟ ስነሳ።

«ልፈተን።»

«ከተንቀሳቀስሽ ይፈነዳል።»

«ይፈንዳ» አልኳት።

የፈተናው ክፍል በር ክፍት ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ልጆች ተራርቀው ተቀምጠዋል። ከሌላ ቦታ የተላኩት ፈታኝ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሸምገል ያሉ ሴት፣ ወረቀቱን አድለው ሊጨርሱ ነው። ጋሽ አማካይ በሰሌዳው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ በጥንቸል ጆሮዬና በአዲሱ ቀይ ጫማዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ይቅርታ ዘገየሁ» አልኩ። «ሳልሞት ልፈተን ብዬ ነው።»

ጋሽ አማካይ ከወንበራቸው የተፈናጠሩት እሳት የነካቸው ያህል ነው። «ወደ ኋላ ተመለሺ፤ ተላላፊ ነው፤ ልጆቹን ትጨርሻቸዋለሽ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። ላብ በላብ ሆነው ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ዳይሬክተር ያህል ሰው ለእኔ እንደዚህ መጨነቃቸው አኮራኝ።

ፈታኟ ግን «ነይ እስኪ» አሉኝ። ቋጠሮዬን ፈቱት። መነጽራቸውን ዐይናቸው ላይ አድርገው በሁለት አውራ ጣታቸው መንጋጋዬን ከጆሮዬ ሥር እስከ አገጬ ዳበሱት። «አራት ልጆች ጆሮ ደግፍ ይዟቸው አስታምሜያለሁ» አሉ። «ዋጥ አድርጊ። ያማል?»

«አያምም። ወደ ውስጥ ነው ያበጠው።»

«ማነው ያለሽ?»

«ሐኪሟ።»

«የት አለች ሐኪሟ?»

«ዕቃ ቤት ናት» አልኩ። «ከሌሎቹ በሽተኞች ጋር።»

ፈታኟ ከጠረጴዛቸው ላይ ማህተም ያለባቸውን የጤና ወረቀቶች አንስተው ቆጠሩ፤ አስራ አንድ ናቸው። የእኔን ነጠል አድርገው ያዙና «የክፍሉ መምህር ይጠሩልኝ» አሉ።

እናቴ የስም መጥሪያውን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ገባች። እኔን ስታይ አልጠራችኝም፣ አልተቆጣችኝም።

«ይህ ወረቀት ልጅቷ ታማለች ይላል» አሏት ፈታኟ። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

ጋሽ አማካይ ቀደም አሉ። «እናቷ ናቸው እኮ። አዝነዋል፤ ባይጠየቁ ይሻላል።»

«እናቷ ከሆኑማ ከወረቀቱ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።»

እናቴ በሩን አየች፤ በሩ ላይ የተጻፈውን። ጋሽ አማካይን አየች። ከዚያ እኔን፣ ጫማዬን፣ ፋሻው ግንባሬ ላይ የተወውን ምልክት አየች። ታውቃለች፣ እንደምሞት ልትነግራቸው ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

«ጤነኛ ናት» አለች።

ነፍሴ መለስ አለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ ወደ ውስጥ ያበጠው ነገር ሁሉ በዚያች ቃል ሲሟሽሽ ተሰማኝ። አንገቴ ቀለለኝ። እናቴ አዳነችኝ ብዬ አመንኩ፤ ለብዙ ዓመትም አምኜ ኖሬያለሁ። ለጎረቤት ልጅ፣ ለአክስቴ፣ ለማንም «እኔ ልሞት ነበር፣ እናቴ ነች በአንድ ቃል ያዳነችኝ» እያልኩ ሳወራ እናቴ ምነው ትቀላለች እል ነበር።

«እነዚያስ አስሩ?» አሉ ፈታኟ።

«እነሱም ጤነኞች ናቸው» አለች እናቴ። ጋሽ አማካይ ወንበሩን ፈልገው በእጃቸው እየዳበሱ ተቀመጡ። «ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አስሩ መጡ። ፋሻቸውን አንድ በአንድ ፈቱላቸው። ድምቡሼ ሲፈታለትም ያው ድምቡሼ ስለነበረ ፈታኟ ሦስት ጊዜ ዳበሱት። ሁላችንም ተፈተንን። ሐኪሟ ምክር ሰሚ ናትና ሁሉንም ጥያቄ ሐ ብላ ወጣች፤ የዚያን ዓመት ግን ሐ የተገኘው በሰባት ቦታ ብቻ ነበር። ማለፊያው አርባ ነው፤ እኔ አርባ አንድ አመጣሁ። ከአስራ አንዱ አራታችን አለፍን። የትምህርት ቤቱ አማካይ ሃምሳ ሁለት ሆነ።

ትምህርት ቤቱ ታጠፈ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብላ እጇን ያወጣች ብቸኛዋ ሰው እናቴ ስለነበረች እድገቷ ለሦስት ዓመት ታገደ፤ ሁለት አውቶቡስ ይዞ የሚደረስበት ትምህርት ቤት ተመደበች። ሰባት ዓመት እኔ ሳልነቃ እየወጣች፣ ራቴን አክስቴ ዘንድ በልቼ ስጨርስ እየገባች ኖረች። ያን ጊዜ ቅጣት መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ከእኔ የምትርቀው በዚያ በሽታዬ ተሰላችታ ይመስለኝ ነበር፣ ይህም ያስለቅሰኝ ነበር። ጋሽ አማካይን ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ወሰዷቸው። የተማሪ ውጤት ማሻሻያ አሰልጣኝ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለሌሎች ዳይሬክተሮች የሦስት ቀን ስልጠና ሲሰጡ ነበር።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ በዚህ ዓመት፣ ቤቷ ሄጄ የመስኮት መጋረጃ ስሰቅልላት። እኔ ወንበር ላይ ቆሜያለሁ፣ እሷ ከታች ቀለበቶቹን ታቀብለኛለች። በሽታዬን አንስቼ ስቀልድ እጇን አቆመች። «አልታመምሽም» አለች። ከዚያ ሰሌዳውን፣ ዝርዝሩን፣ ስልሳውን፣ አንድ በአንድ አወጣችው።

«ሌላም አለ» አለችኝ። «ሠላሳ ሰባት አልነበርሽም። ዝርዝሩን የጻፍኩ ማታ ወረቀትሽን አውጥቼ ደግሜ አረምኩት። አንዱን ጥያቄ አሠራሩን ይዘሽ መጨረሻ ላይ ነው የሳትሽው። ለሌላው ልጅ ሁሉ ለአሠራሩ ሁለት ነጥብ ሰጥቻለሁ። አንቺን ነሳሁሽ፤ አዳላች እንዳልባል። ሠላሳ ዘጠኝ ነበርሽ። ዝርዝሩ ውስጥ አትገቢም ነበር።»

«አርመሽ ካወቅሽ በኋላ ምን አደረግሽ?»

«ወረቀቱን ወደ ቦታው መለስኩት።»

«ለምን?»

«አንቺን ሳወጣ የሌላ ሰው ልጅ ማስገባት ሊኖርብኝ ነዋ። ደግሞ ለሥራዬ ፈራሁ። ብቻዬን ነበርኩ።»

ከወንበሩ ወረድኩ። ፊት ለፊቷ ቆሜ መጠየቅ የማልፈልገውን ነገር ጠየቅኳት።

«እኔ ያን ቀን በሩ ላይ ባልመጣስ?»

ሌላ እናት ብትሆን «አሳልፌ አልሰጥሽም ነበር» ትለኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ቤቴ እገባ ነበር። እናቴ ግን የቀሩትን ቀለበቶች መዳፏ ላይ ሰብስባ አየችኝ።

«ዝም እል ነበር» አለችኝ። «ዓመቱን ትደግሚ ነበር። እኔም እያየሁ ዝም እል ነበር።»

አቅፌ ሳምኳት፤ እጆቿ ቀዝቅዘው ነበር። ከዚያ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አልደወልኩላትም።